ስኳር ያለበት ሰው አይስክሬም መብላት ይችላል? እቤት የሚሠሩ 4 የቀዘቀዙ የፍራፍሬ ጣፋጮች



የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ግን እናታችሁ፣ አባታችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ስኳር ካለባችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ወደ ታች ስትወርዱ እቤት የምትሠሯቸው አራት ጣፋጮች ከነመጠናቸው አሉ። ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ግን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። ታሪኩን የማነሳው በባለታሪኳ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም ጥቂት ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ጊዜው ጾም ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ለክትትል መጡ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸው 248 ነው። ከሦስት ወር በፊት ከ150 በታች ነበር። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። ሻይም ቡናም ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት፤ ለስላሳ በደጃቸው አያልፍም። "ታዲያ ምን ተገኘ?" ብዬ ከጠዋት እስከ ማታ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አንድ በአንድ ስጠይቃቸው፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉ፦ "ጾም ስለሆነ ልጄ ማታ ከሥራ ስትመለስ ስፕሪስ ይዛልኝ ትመጣለች። እሱ እንኳ ፍራፍሬ ነው፣ ምንም አይል።"

እኔም ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። ውጭ ወረፋው ረጅም ስለነበር ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋሁት፦ "እናቴ፣ ፍራፍሬ ይተዉ።"

ስህተቴ እዚህ ጋ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ሲመጡ ስኳራቸው 300 አልፏል። ፍራፍሬማ ትተዋል፤ ብርቱካን እንኳ አልቀመሱም። ግን የልጅ ልጃቸው ልደት ላይ ሰው ሁሉ ኬክና አይስክሬም ሲበላ እሳቸው ፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀመጠ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ማድ ቤት ገብተው የተረፈውን አይስክሬም ቆመው፣ ከነዕቃው በሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተሰቡ ሲተኛ ጣፋጭ ፍለጋ መነሳት ልማድ ሆነ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አያዩኝም ነበር። "ሁሉን ነገር ከለከላችሁኝ፤ በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ" አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር በጣም አፈርኩ። "አትብሉ" ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም። ሰውየው ምን፣ ምን ያህልና መቼ መብላት እንደሚችል ካልነገርነው፣ ክልከላው ቀን ይሠራና ማታ ይፈርሳል። ዛሬ ያንን ያልመለስኩትን ጥያቄ ልመልስ።

አጭሩ መልስ

አዎ፣ ስኳር ያለበት ሰው የቀዘቀዘ የፍራፍሬ ጣፋጭ መብላት ይችላል። ሦስት ነገር ግን መሟላት አለበት፦ ከሙሉ ፍራፍሬ የተሠራ ይሁን፣ ስኳርም ማርም አይጨመርበት፣ ድርሻው ይለካ። ሦስቱም ምክንያት አላቸው።

1. ፍራፍሬ ጠላት አይደለም

ፍራፍሬ ውስጥ ስኳር አለ፤ ይሄ አይካድም። ነገር ግን ስኳሩ ብቻውን አይደለም። ከውሃ፣ ከቫይታሚንና ከፋይበር (አሰር) ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ፋይበር ስኳሩ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሆድም ቶሎ እንዲጠግብ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ አንድ ጥናት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ180 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ሙሉ ፍራፍሬ፣ በተለይ ብሉቤሪ፣ ወይንና ፖም አዘውትረው የሚበሉት በዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የፍራፍሬ ጁስ የሚያዘወትሩት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያለ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጥናት "ይሄ ያንን አመጣ" ብሎ በእርግጠኝነት አያረጋግጥም። ግን ፍራፍሬ መብላትና ፍራፍሬ መጠጣት አንድ እንዳልሆኑ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

2. ታዲያ ስፕሪሱ ምን በደለ?

ስፕሪስ ላይ ችግሩ ሁለት ነው፦ ብዛትና ጭማሪ።

አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ውስጥ ማንጎው፣ ፓፓያውና አቮካዶው ሲደመር፣ ላዩ ላይ ደግሞ ስኳር ወይም ሽሮፕ ሲጨመርበት፣ ካርቦሃይድሬቱ በቀላሉ ከ40 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ስለዚህ ያቺ እናት "ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው" እያሉ ማታ ማታ አሥርና አሥራ ሁለት ማንኪያ የሚያክል ይጠጡ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ በማንኪያ ብትበሉት ሩብ ሰዓት የሚወስደው በስትሮው ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

የብርቱካን ጁስ ደግሞ ይብሳል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ ፋይበሩ አብዛኛው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ አራት ብርቱካን የሚበላ ሰው ግን ስንት አለ?

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስተካክል። "ብሌንደር ፋይበሩን ይገድለዋል" የሚባል ነገር አለ። ብሌንደር ፋይበሩን ያደቅቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ፋይበሩ የሚጠፋው ጁሱ ሲጠለል ነው። ስለዚህ ለዛሬው ጣፋጭ ብሌንደር መጠቀም ትችላላችሁ፤ ወንፊቱን ግን መልሱት።

3. ማቀዝቀዝ ምን ይለውጣል?

ስኳሩን አይቀንሰውም! ይህን በደንብ ያዙልኝ። አንድ ሙዝ ፍሪዘር ውስጥ ስለገባ የሙዝ ስኳርነቱን አይተውም። ማቀዝቀዝ የሚለውጠው ሌላ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ፍጥነት ነው። በረዶ የሆነ ነገር አይጠጣም፤ በማንኪያ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚበላው። ትንሿ ድርሻ ለረዥም ጊዜ ትቆያለች፤ ሰውየውም ከሰው ጋር እኩል እየበላ ይጫወታል።

ሁለተኛው ጣዕም ነው። የቀለጠ አይስክሬም ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ልብ ብላችሁ ይሆናል። በጣም የቀዘቀዘ ነገር ምላሳችን ላይ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። የሱቅ አይስክሬም ብዙ ስኳር የሚጨመርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እኛ ስኳር ስለማንጨምር በሌላ ዘዴ እንጠቀማለን፦ በደንብ የበሰለ ፍራፍሬ እንመርጣለን፣ ቀረፋ ወይም ቫኒላ እንጨምራለን፣ ከፍሪዘር ካወጣነው በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ እናቆየዋለን። ያኔ ጣፋጭነቱ ይወጣል።

ሌላም አለ። ስኳር አይስክሬምን ለስላሳ የሚያደርገው ራሱ ነው፤ ውሃው ድርቅ ብሎ በረዶ እንዳይሆን ይከላከላል። ስኳር የሌለው ጣፋጭ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረው ለዚህ ነው። የስኳሩን ቦታ የሚተካልን ቅባትና እጅ ነው፤ ማለትም አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ ወይም እርጎ እንጨምራለን፣ ወይም እየቀዘቀዘ ሳለ በየመሀሉ በሹካ እናማስለዋለን።

4. ማር፣ ቴምርና "ሹገር ፍሪ"

"ስኳር አልጨመርኩም፣ ማር ነው ያደረግኩበት።" ይህን ስንቴ ሰምቻለሁ መሰላችሁ! ማር ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ንጹሕም ይሁን የጫካ፣ ነጭም ይሁን ቀይ፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ቴምርም እንደዚያው፤ ፋይበር ቢኖረውም አንድ ትልቅ ቴምር ብቻውን 15 ግራምና ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት ሊይዝ ይችላል። የታሸገ ጣፋጭ ወተትማ ባናነሳው ይሻላል።

እንደ ስቴቪያ ያሉ ማጣፈጫዎችስ? የደም ስኳር በቀጥታ አይጨምሩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ እነዚህን መጠቀም እንደማይመክር አስታውቋል፤ ምክሩ ግን ቀድሞውኑ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። የኔ አስተያየት፦ በትንሹ መጠቀም ይቻላል፤ ለዛሬዎቹ ጣፋጮች ግን አያስፈልጉም። ምላስ ጥቂት ሳምንት ከተሰጠው ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ድሮ የምትወዱት ኬክ ራሱ "ኧረ በዛ!" ያሰኛችኋል።

"ሹገር ፍሪ" የሚል የታሸገ አይስክሬም ስትገዙም ጀርባውን አንብቡ። ስኳር ባይኖረውም ከወተት፣ ከዱቄት ወይም ከስታርች የመጣ ካርቦሃይድሬት ሊኖረው ይችላል። የሚታየው "ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት" የሚለው መስመር ነው።

5. የትኛውን ፍራፍሬ?

በሚበላው ክፍል 100 ግራም ላይ ያለው ካርቦሃይድሬት በግምት እንዲህ ነው፦

- እንጆሪ፦ 8 ግራም
- ሐብሐብ፦ 8 ግራም
- አቮካዶ፦ 9 ግራም (ከዚህ ውስጥ 7ቱ ፋይበር ነው)
- ፓፓያ፦ 11 ግራም
- ብርቱካን፦ 12 ግራም
- አናናስ፦ 13 ግራም
- ዘይቱን፦ 14 ግራም (ከዚህ ውስጥ 5ቱ ፋይበር ነው)
- ማንጎ፦ 15 ግራም
- ወይን፦ 18 ግራም
- ሙዝ፦ 23 ግራም

ሙዝና ማንጎ መጨረሻ ላይ ስላሉ የተከለከሉ ናቸው ማለት አይደለም። እነሱን ብቻቸውን ብሌንደሩን ሙሉ ከማድረግ ይልቅ ማጣፈጫ አድርጎ በትንሹ መጠቀም ማለት ነው። ሙዙም ጥቁር በጥቁር እስኪሆን አትጠብቁት፤ ሙዝ በበሰለ ቁጥር ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ይሄዳል። ቢጫ ሆኖ ገና ጠንከር ያለው ጥሩ ነው።

ግባችን አንድ ድርሻ ጣፋጭ ከ15 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዳይበልጥ ነው። 15 ግራም ማለት በስኳር ሕመም አመጋገብ እንደ አንድ ድርሻ የሚቆጠር መጠን ነው፤ ለምሳሌ ግማሽ ትልቅ ሙዝ ወይም ግማሽ ትንሽ ማንጎ።

6. አሠራሩ

ከሁሉ በፊት፦ ፍራፍሬውን በንጹሕ ውሃ በደንብ እጠቡ። በተለይ እንጆሪ አፈርና ተባይ ማጥፊያ ስለሚይዝ ጊዜ ስጡት። ልጡት፣ በትንሹ ክተፉት፣ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርግታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ተደራርቦ ከቀዘቀዘ አንድ ቋጥኝ ይሆንና ብሌንደራችሁን ያቃጥልባችኋል (ከራሴ የተማርኩት ነው፤ ጭሱ ራሱ ይበቃል)።

ሀ. እንጆሪ በእርጎ

የሚያስፈልገው፦ 300 ግራም የቀዘቀዘ እንጆሪ፣ 200 ግራም ምንም ያልተጨመረበት እርጎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ካላችሁ ትንሽ ቫኒላ።

እንጆሪው ከፍሪዘር ወጥቶ 5 ደቂቃ ይቆይ። ሁሉንም ብሌንደር ውስጥ ጨምራችሁ እያቆማችሁና እያማሰላችሁ ፍጩት። ወዲያው ይበላል፤ ጠንከር እንዲል ከፈለጋችሁ አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ለ4 ሰው ሲካፈል አንዱ ድርሻ 8 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ከአራቱ ዝቅተኛውን ካርቦሃይድሬት ከያዙት አንዱ ነው፤ የእርጎው ፕሮቲን ደግሞ ሆድ ይይዛል።

እርጎውን ከጥሬ ወተት አታድርጉት። ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ጨምሮ ብዙ በሽታ ያስተላልፋል። ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወይም ራሳችሁ ካፈላችሁት ወተት የተሠራ ይሁን።

ለ. አቮካዶ፣ ሙዝና ኮኮዋ (የጾም)

የሚያስፈልገው፦ አንድ መካከለኛ ሙዝ ተከትፎ የቀዘቀዘ፣ የአንድ መካከለኛ አቮካዶ ሥጋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው ኮኮዋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያልተጨመረበት የለውዝ ቅቤ፣ ሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቁንጥር ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው።

ሁሉንም አንድ ላይ ፍጩ። ወተት ሳይኖረው የወተት አይስክሬም የመሰለ ልስላሴ ያወጣል፤ ምሥጢሩ የአቮካዶው ቅባት ነው። ለ4 ሲካፈል አንዱ ድርሻ 12 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህም 4 ግራም ገደማው ፋይበር ነው። ካሎሪው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ "ጤናማ ነው" ተብሎ ሁለት ሦስት ድርሻ አይበላም።

ጁስ ቤት አቮካዶ ላይ የሚፈስሰውን ሽሮፕ የለመደ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ቀረፋውንና ጨዋን አትርሱ፤ ቁንጥር ጨው ያለውን ጣፋጭነት ያጎላዋል። ቀረፋ ግን ለሽታና ለጣዕም ነው። "ስኳር ያወርዳል" ተብሎ የሚወራውን ሰምታችሁ መድኃኒት የምትቀንሱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ።

ሐ. ፓፓያና ማንጎ በሎሚና ዝንጅብል (ብሌንደር ለሌለው)

የሚያስፈልገው፦ 300 ግራም የበሰለ ፓፓያ፣ 100 ግራም ማንጎ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ።

ፓፓያውንና ማንጎውን ሳይቀዘቅዝ በሹካ አድቅቁት። የቀረውን ጨምሩና ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ አፍስሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። በየ40 ደቂቃው እያወጣችሁ ጠርዝ ጠርዙን በሹካ ፈቅፍቁት። ሦስት አራት ጊዜ ይህን ስታደርጉ እንደ አመዳይ የላላ፣ በማንኪያ የሚዛቅ ይሆናል። ተልባው ውሃውን ይዞ ያወፍረዋል፤ ፋይበርም ይጨምራል። ለ5 ሲካፈል አንዱ ድርሻ ከ10 እስከ 11 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ነው።

መ. ሐብሐብ በናና (ለልጆችም)

የሚያስፈልገው፦ 400 ግራም ፍሬው የወጣለት ሐብሐብ፣ ጥቂት የናና ቅጠል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ።

ፈጭታችሁ ወይም ጨፍልቃችሁ፣ ሳታጠሉት፣ በትናንሽ ኩባያ ቅዱና እንጨት ሰክታችሁ አሳድሩት። ለ4 ሲካፈል 8 ግራም ያህል ነው።

"ሐብሐብ እኮ ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ከፍተኛ ነው" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ኢንዴክሱ የሚነግረን ግን ስኳሩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገባ እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። ሐብሐብ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በትንሽ ድርሻ ውስጥ ያለው ስኳር ትንሽ ነው። ግማሽ ሐብሐብ ለብቻ ከተበላ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

7. መቼ? ምን ያህል?

- ባዶ ሆድ ላይ ሳይሆን ከምግብ በኋላ ይበላ። አትክልት፣ ምስር፣ ሽሮ ወይም እንቁላል ቀድሞ ሆድ ውስጥ ካለ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይገባል። በተለይ ሐና መ ቅባትም ፕሮቲንም ስለሌላቸው ለብቻቸው ባይበሉ ይመረጣል።

- ቦታ ይለቀቅለት። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ፓስታውም፣ ፍራፍሬውም ካርቦሃይድሬት ናቸው፤ የሚወጡት ከአንድ ቦርሳ ነው። ማታ ጣፋጭ ካለ ከእንጀራው ቀነስ ማድረግ ነው። በምግቡ ላይ ተጨማሪ ሳይሆን የምግቡ አካል ይሁን።

- ከማቀዝቀዣው ዕቃ በቀጥታ አይበላ። ከመቀዝቀዙ በፊት በየድርሻው በትናንሽ ዕቃ ይከፋፈል። የቡና ሲኒ ለዚህ ግሩም ነው። ሙሉ ይመስላል፣ ያምራል፣ ግን ትንሽ ነው።

- በቀን ከአንድ ድርሻ አይለፍ፤ በየቀኑም ግዴታ አይደለም።

- ለኩ። የስኳር መለኪያ ካላችሁ ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፣ መብላት ከጀመራችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ ድገሙት። ለብዙ አዋቂ ሕመምተኞች የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። አረጋውያንና ሌላ ሕመም ያለባቸው የራሳቸው ግብ ሊኖራቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ቁጥሩ ካለፈ ጣፋጩን ከመርገማችሁ በፊት ድርሻውንና አብሮ የተበላውን ምግብ እዩ። የሁለት ሰው ሰውነት ለአንድ ፍራፍሬ እኩል መልስ ላይሰጥ ይችላል። የራሳችሁን የሚነግራችሁ መለኪያው ነው።

8. እነዚህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ

የኩላሊት ችግር ካለ፦ ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። "ፖታሲየም ቀንስ" የተባለ ሰው ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ኮኮዋ ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ለእሱ እንጆሪው በትንሽ መጠን ይሻላል፤ እርጎውም ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላለው ይጠየቅበት።

ስኳር ሲወርድ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ከታየ ይሄ የአይስክሬም ሰዓት አይደለም! ቅባትና ቅዝቃዜ ያለው ጣፋጭ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ መደበኛ ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልተነሳ ድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም!

ጾም የምትጾሙ፦ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት እየወሰዱ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስኳርን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በራሳችሁም አትጨምሩ።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ልጆች፦ ካርቦሃይድሬት ቆጥራችሁ ዶዝ የምታስተካክሉ ከሆነ ከላይ ያስቀመጥኳቸው ቁጥሮች ግምት ናቸው። ፍራፍሬው በሚዛን ይመዘን።

መብራት ሲጠፋ፦ ፍሪዘሩን እየከፈታችሁ አትዩት። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ሊይዝ ይችላል። ጣፋጩ ላይ ገና በረዶ ካለ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። እርጎ ያለበት ጣፋጭ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሞቅ ብሎ ከቆየ ግን "ያሳዝናል" ሳትሉ ድፉት። ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ኢንፌክሽን ይበረታበታል።

ወደ እናታችን ልመለስ

ያን ቀን ወረፋውን ለአንድ ጊዜ ረሳሁትና ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ወረቀት ላይ አቮካዶውንና ሙዙን ጻፍኩላቸው። ልጃቸውም በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራቸው እንድትመጣ ለመንኩ። መጣች። ስፕሪሱን በፍቅር ነበር የምታመጣው፤ ሲገባት አለቀሰች። እኔም "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ እኛ ነን በወጉ ያላስረዳናችሁ" አልኳት።

አሁን እንዴት ናቸው? ተአምር አልተፈጠረም፤ ተአምር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለም ሽሹት። መድኃኒታቸው ተስተካከለ፣ ከእራት በኋላ ከልጃቸው ጋር ግማሽ ሰዓት በእግር ይሄዳሉ፣ ስፕሪሱ ቆመ፣ የሌሊቱ ጉዞ ወደ ማድ ቤት ቆመ። የመጨረሻው የባዶ ሆድ ልኬታቸው 134 ነበር። ይህን ያመጣው አይስክሬሙ ብቻ አይደለም። ግን እሳቸው ቀድመው የነገሩኝ ቁጥሩን አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ለቀጣዩ ልደቱ "እማማ የምትሠራው ይሁንልኝ" ብሎ አዝዟል። ዘንድሮ ጣፋጩን በሲኒ በሲኒ እየቀዱ ለእንግዳው የሚያድሉት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸውንም ሲኒ ይዘው ከሰው መሀል ተቀምጠው ይበላሉ።

ስኳር ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ እስኪ ዛሬ "ይሄን አትብላ" ከማለታችሁ በፊት "አብረን ምን እንሥራ?" በሉት። ከአራቱ አንዱን ቅዳሜ ሞክሩ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሚከታተላችሁን ሐኪም ምክር አይተካም። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት። በተለይ ማታ ማታ ለእናቱ ስፕሪስ ይዞ ለሚገባው ልጅ!

መልካም ጤና ይሁንላችሁ።